ሰባት መቶ አራት ዓመት የሞላቸው አባቴ

ደባርቅ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተለወጠ ነገር ቢኖር፣ “መቶ አምስት ብላችሁ ጻፉ” ባልኩ ቁጥር የክፍሉ እኩሌታ 1005 ብሎ መጻፉ ነው። አልፈርድባቸውም። መቶን ያውቃሉ፤ አምስትንም ያውቃሉ፤ ስለዚህ መቶውን ጽፈው አምስቱን ከጎኑ ያስቀምጡታል። እኔም በልጅነቴ በዚሁ ጥፋት መዳፌን ተገርፌአለሁ። የእኔስ ምክንያት ነበረው። ከትምህርት ቤቱ ቁጥር በፊት አባቴ የግእዙን ቁጥር አስተምረውኝ ነበር። በግእዝ መቶ አምስት ለመጻፍ ፻ን ጽፎ ፭ን ከጎኑ ማድረግ ነው፤ በቃ። ዜሮ የሚባል የለም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ደብራቸው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። የደብሩ ጸሐፊም እሳቸው ስለሆኑ ማኅተሙ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከደረት ኪሳቸው አይለይም። ባሕረ ሐሳብን በቃላቸው ያሰላሉ፤ የዛሬ አሥር ዓመት ጾሙ መቼ እንደሚገባ ብትጠይቋቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ይነግሯችኋል። ዓይናቸው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ በሞራ ተሸፍኗል። በግራ ዓይናቸው ጥግ በኩል ትንሽ ብርሃን ቀርታለች፤ ወረቀት ወደዚያች ጥግ አዘንብለው ትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። የጻፉትን መልሰው ማንበብ ግን አይሆንላቸውም። በማኅሌት ጊዜ መጽሐፉን ከፍተው ገጹን የሚገልጡት ለሰው ይምሰል ነው። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ መጽሐፉን ገልብጠው ይዘውት አይቼ ዝም ብያለሁ።

የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ደባርቅ እንደሚመጡና ሞራ እንደሚገፍፉ ሲነገር፣ ከአባቴ ይልቅ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። እያንዳንዱ ደብር የታማሚዎቹን ስምና ዕድሜ ጽፎ፣ በማኅተም አረጋግጦ እንዲልክ ታዘዘ። የደብራችንን ዝርዝር መጻፍ ያው የጸሐፊው ሥራ ነው።

አባቴ ደግሞ ዕድሜ በግምት አይጽፉም። “ወደ ሰባው ይሆነኛል” ያለ ሰው ከፊታቸው ይቀመጣል። ክርስትና ሲነሣ ቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን ነበር ወይስ ቆርቆሮ? አንበጣው ሲመጣ ታዝሎ ነበር ወይስ ገብስ ያጭድ ነበር? ታላቅ እህቱ ስትዳር የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር ወይስ በቅሎ? እንዲህ እየጠየቁ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ የሰውየውን ዕድሜ እስከ ወሩ ያደርሱታል። ዝርዝሩ ሦስት እሑድ ፈጀ። ከአርባ ሦስቱ ታማሚዎች ሃያ ዘጠኙ ይህንን ምርመራ ቁጭ ብለው ታገሡ። አሥራ አራቱ ግን በሬ ያስጠመዱ፣ እህል ያሰጡ፣ ወይም አባቴን ከድሮም የሚያውቁ ነበሩ፤ “ሰባ በሉኝና ልሂድ”፣ “ሰማንያ ብለው ይገላግሉኝ” እያሉ ተነሥተው ሄዱ። አባቴም እያጉረመረሙ እንዳሏቸው ጻፉላቸው።

ዝርዝሩ በግእዝ ቁጥር ተጽፎ፣ በማኅተም ታትሞ ወደ ደባርቅ ተላከ። አባቴ ራሳቸውን ፸፬ ብለው ጻፉ። እሳቸው ስለ ራሳቸው ሰባ አራት ካሉ፣ ሰባ አራት ናቸው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አርባ ሦስቱም ታማሚዎች፣ የሚደገፈው ተደግፎ፣ የሚጎተተው ተጎትቶ፣ ደባርቅ ዳር ሐኪሞቹ ድንኳን የተከሉበት ግቢ በር ላይ ደረሱ። ከአዲ አርቃይ በአውቶቡስ ሊማሊሞን የወጡም ነበሩ፤ ከቆላ እንደመጡ ስለሆነ ብርዱ አንቀጥቅጧቸው ጋቢ ለጋቢ ተደራርበው ተቀምጠዋል። እኔም ክፍሌን ለባልደረባ ትቼ መጥቻለሁ። መዝጋቢው ከመስኮቱ ብቅ አለና በድምፅ ማጉያ የደብራችንን ስም ጠራ። ከዚያ እያንዳንዱን ሰው ከነዕድሜው ያነብ ጀመር። የመጀመሪያው ሰው ሰባ፣ ሁለተኛው ሰማንያ ተባሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ በዚያው ድምፅ፣ ትንፋሹ እንኳ ሳይለወጥ፣ “ስድስት መቶ ስምንት” አለ።

ስድስት መቶ ሁለት ተከተለ። ሰባት መቶ አንድ ተከተለ። ስድስት መቶ ሁለት የተባሉት ገበሬ ስድስት መቶ ስምንት ወደተባሉት ጎረቤታቸው ዞር ብለው፣ ለካ ታላቄ ኖረዋል ብለው ከድንጋዩ ላይ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። ሰውየውም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ተቀመጡ። ስምንት መቶ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ደግሞ ይህ ነገር ከወገባቸው ሕመም ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቁ። አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ አባቴ በስንት ድካም መቶ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ያረጋገጡላቸው። እሳቸው አንድ ሺህ ሁለት ተባሉ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ሰምተው ጥቂት አሰቡና፣ “ሺውን ተዉት፤ ሁለቱ ግን ልክ ነው” አሉ።

“መሪጌታ” አለ ማጉያው፤ “ሰባት መቶ አራት።”

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። “ማን ነው የሞተው?” አሉኝ። ሙት ዓመት የሚነበብ መስሏቸዋል።

ስሕተቱን ለማወቅ አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ የምሰርዘው ስሕተት ነው። ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መዝጋቢው ትሁት ልጅ ነው፤ ክራባት አስሯል፤ ከብርዱ የተነሣ ጓንት አድርጎ ነው የሚጽፈው። ዝርዝሩን እንዳለ በግእዝ ቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ ከጻፈ በኋላ፣ ፸ ያለበትን ሁሉ በ70፣ ፬ ያለበትን ሁሉ በ4፣ ፻ ያለበትን ሁሉ በ100 ተካው ብሎ አዝዞታል። ኮምፒውተሩም ታዛዥ ስለሆነ ተካው። ፸፬ን ሰባ እና አራት አድርጎ ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ 704። ስንት ሰዓት ይፈጅብኝ የነበረውን በአንድ ጠቅታ ጨረስኩት አለኝ፤ እውነትም ተደስቶ ነበር።

ሰባት መቶ አራት ዓመት የኖረ ሰው ሲያይ አልገረመውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

“ገርሞኝ ነበር” አለ። “ግን ማኅተም አለው።”

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነን ሰው ኮምፒውተሩ አይቀበልም። ስለዚህ ሃያ ዘጠኙ ሰዎች ‘ዕድሜያቸው ያልተረጋገጠ’ በሚል ለብቻ ተጽፈዋል። ያለፉት ሰባ፣ ሰማንያ ብለው በግምት ተናግረው የሄዱት አሥራ አራቱ ብቻ ናቸው፤ ፸ ብቻውን ሲተካ ልክ 70 ነውና። እንግዲህ አስቡት። ሦስት እሑድ ቁጭ ብለው እውነቱን በወር በቀን ያስመረመሩት ሁሉ ከበር ውጭ ቀሩ፤ ‘ገላግሉኝ’ ብለው ተነሥተው የሄዱት ገቡ። ከገቡት አንዱ፣ ሰማንያ ነኝ ያሉት ገበሬ፣ አባቴን ዛሬም ድረስ ‘ጋሼ’ የሚሉ ሰው ናቸው። በበሩ ሲያልፉም፣ “በሉ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይርዳዎ” ብለው ነው የገቡት።

መዝጋቢው መላ አለኝ አለ። ለሁሉም የመጨረሻዋን አሃዝ ብንሰርዛት ነገሩ ያልቃል፤ 704 የነበረው 70 ይሆናል፣ 602 የነበረው 60 ይሆናል፣ መነኩሲቷም መቶ ይሆናሉ። ማን ይጎዳል? እኔ እንኳ እውነቴን ነው፣ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ግን ምርኩዛቸውን እየቆረቆሩ መስኮቱ ድረስ መጥተው ሰምተዋል።

“አራቱን ዓመት ልትሰርዘው ነው?” አሉት።

“አራት ብቻ እኮ ናት፣ አባታችን።”

“በአራቱ ዓመት ውስጥ ሚስቴን ቀብሬአለሁ። አራቱን የምትሰርዝ ከሆነ እሷን አስነሣልኝ፤ ሰባ እሆናለሁ።”

ልጁ ጓንቱን አወለቀ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አላውቅም፣ መልሶ አጠለቀው። በመጨረሻ ደንቡን ነገረን። ዝርዝሩ በተለመደው ቁጥር እንደገና ይጻፍ፤ የሚጽፈው ግን ራሱ ዝርዝሩን ያወጣውና በማኅተም ያረጋገጠው ሰው ይሁን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ። እኔ ልጻፈው ብዬ ለመንኩት። የእጅ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጋር መመሳሰል አለበት አለኝ። ዓይናቸው የማያይ ሰው ዓይናቸው እንዲታይላቸው አርባ ሦስት ሰው በማያውቁት ቁጥር በእጃቸው ይጻፉ ማለት ነው። ነገሩን ለአባቴ ስነግራቸው፣ ተገቢ ነው አሉ፤ ማኅተም ያለ ባለቤቱ እጅ አይሆንም።

ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር። ከግቢው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ባዶ ካርቶን ቀድጄ ወፍራም ማርከር ገዛሁ። የሊማሊሞን ዳገት ጨርሰው የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጋቢያችንን በአቧራ እያጠኑን፣ መጽሐፍ በቃላቸው ለሚያስተምሩ ሰው የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማርኩ።

ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቶሎ ያዙ። መከራው የጀመረው ሰባው ላይ ነው። ይህ 7 ከቀኝ ዳር ሲቀመጥ ሰባት፣ አንድ ቦታ ወደ ግራ ሲሄድ ሰባ፣ ሌላም ቦታ ሲሄድ ሰባት መቶ ነው ስላቸው፣ ማርከሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“አንድ ምልክት ነው ሦስት?”

አንድ ነው አልኩ።

“የእኛ ፸ የትም ጻፊው፣ ሰባ ነው። ሜዳ ላይ ጣይው፣ ሰባ ነው። ይሄ ወንበር ካላገኘ የማይከበር ነው ማለት ነዋ። እንዲህ ያለውን በወረዳም በቀበሌም አይተናል፤ በቁጥር ሲመጣ ግን አሁን ሰማሁ።”

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ትልቁ ለምን በግራ ይሆናል? በቤተ ክርስቲያን ታላቁ በቀኝ ነው፤ ቀኝ ጌታ ከግራ ጌታ ይበልጣል። መቶው በግራ፣ አንዱ በቀኝ የሚቆሙበት ሥርዓት ከወዴት መጣ? ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እንዲያው ነው ልላቸው ስል፣ ራሳቸው፣ ቁጥሮቹ ወደ እኛ ፊታቸውን አዙረው የቆሙ ከሆነ የእኛ ግራ የእነሱ ቀኝ ነው አሉ። እንደዚያ ከሆነስ ደህና። እኔም አዎ፣ ወደ እኛ ዞረው ነው የቆሙት አልኩ። እስከ ዛሬም ለተማሪዎቼ እንደዚያው ነው የምነግራቸው።

ዜሮ ላይ ግን አንድ ሰዓት አጠፋን። መነኩሲቷን መጻፍ ነበረብን፤ መቶ ሁለት። አባቴ አንድን በመቶ ቦታ፣ ሁለትን ከጎኑ አድርገው 12 ብለው ጻፉ። አሥራ ሁለት ነው ያሉት፣ ሕፃን አደረጓቸው አልኩ። መሐል ላይ ዜሮ ያስፈልጋል ስላቸው፣ ዜሮ ምንድን ነው አሉ። ምንም ነው አልኩ። እኛም ዘንድ እኮ ስንቆጥር ተራፊ ከሌለ አልቦ እንላለን፤ ብለነው እናልፋለን፤ ለምንም ነገር ቀለም አናባክንበትም አሉ። በዚያ ላይ ምንም ከሆነ እንዴት መነኩሲቷን ከአሥራ ሁለት ወደ መቶ ሁለት ይወስዳቸዋል? ምንም ነገር ዘጠና ዓመት የሚጨምር ከሆነ፣ አንድ ነገርማ ስንት ሊጨምር ነው? ሻይ የምትቀዳው ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። የአባቴ ማየት አለማየት በዚህች ክብ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው ደግሞ ከክቧ ጋር ሙግት ገጥመዋል።

ያዳነኝ የደብራችን ማዕድ ነው። በክብረ በዓል ከማኅሌት በኋላ ካህናቱ ለምሳ ሲቀመጡ በማዕረጋቸው ነው። ቀኝ ጌታው ቢታመሙ ወይም መንገድ ቢሄዱ፣ ከበታቻቸው ያለው ተንፏቆ ቦታቸውን አይወስድም፤ ቦታው ባዶውን ይውላል፤ እንጀራም ይቀርብለታል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ዲያቆን ሳያውቅ ቁጭ ብሎበት የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። በሦስት ወንበር አስቡት አልኳቸው። መቶ ቤቱ መጥቷል፤ አንድ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ቤቱ መጥቷል፤ ሁለት ናቸው። አሥር ቤቱ ቀርቷል። ሁለቱ ተንፏቅቀው ይቀመጡበት?

“አይቀመጡም” አሉ ወዲያው።

“ታዲያ ቦታው መያዙን በምን እናሳይ?”

ከዚያ ካርቶኑን ወደ ግራ ዓይናቸው ጥግ አስጠግተው፣ ማርከሩን አጥብቀው ይዘው፣ በአንዱና በሁለቱ መካከል አንዲት ሙሉ ክብ አኖሩ። “እንግዲህ ምንም አይደለማ” አሉ። “የቀረው ሰውዬ ነው ምንም። ቦታውማ አለ።”

በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ እንደዚያ ደቂቃ የኮራሁበት የለኝም። ከዚያ በኋላ ሥራው ሮጠ። እኔ ስሙን አነብላቸዋለሁ፤ ዕድሜውን እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል፤ አሥሩን በአሥር ቦታ፣ አንዱን በአንድ ቦታ፣ በእኔ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ መስመር የሚያህሉ ቁጥሮች እያደረጉ ይጽፋሉ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አርባ ሦስቱም ተጽፈው ማኅተም አረፈባቸው።

ቀድሜ ወደ መስኮቱ ብቅ ብዬ ዝርዝሩ ደረሰ ልል ስሄድ ነው መዝጋቢው ሌላ ነገር የነገረኝ። ለእያንዳንዱ ደብር የተመደበው ሃያ ሰው ነው። የሚመረጠውም ቀድመው የገቡት ጭምር ተቆጥረው በዕድሜ ነው፤ በዕድሜ የገፋው ይቀድማል። ተመልሼ ለአባቴ ነገርኳቸው። ለማስላት ዝርዝሩ አላስፈለጋቸውም፤ በጣታቸው ቆጠሩና፣ “እኔ ሃያ አንደኛ ነኝ” አሉ። ሃያኛዋ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ባልቴት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ የሚለቅሙ። እሳቸውም አያዩም፤ ጠጠሩን ከስንዴው የሚለዩት በጣታቸው ነው። አባቴ፣ ለሚቀጥለው ይሁን አሉ፤ የጾም መግቢያ እንደሚናገሩ ነው የተናገሩት። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር።

ከአግዳሚው እስከ መስኮቱ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ዝርዝሩን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሰማንያ ነኝ ብለው የገቡት፣ አባቴን ጋሼ የሚሉት ሰውዬ ነበሩ በዓይኔ የሚሄዱት። ተናደድኩ፤ በጣም ተናደድኩ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ፣ አንድ መኪና እስኪያልፍ የምጠብቅ መስዬ፣ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የአባቴ 7 አናቱ የተንጋደደ፣ እግሩ የተንቀጠቀጠ ነበር። ከአናቱ በግራ በኩል አንዲት ጭረት አጥፌ ዘጋሁት፤ 9 ሆነ። ሰባ አራት የነበሩት ዘጠና አራት ሆኑ። አንድ ቤቱን አልነካሁትም። አሥር ቤት ላይ አንዲት ጭረት ሃያ ዓመት ናት፤ ይህንን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

መዝጋቢው አልጠየቀም። ማኅተም ነበረው።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ሆነ። መነኩሲቷ አንደኛ፣ አባቴ ሁለተኛ ተጠሩ፤ የዘጠና ዓመቱ ሽማግሌ እንኳ ከኋላቸው ነው። አንገታቸው ላይ ዕድሜያቸው የተጻፈበት ካርድ ተንጠለጠለ። ነርሶቹ በአባቴ ተደነቁ። በዘጠና አራት ዓመታቸው ጥርሳቸው ሙሉ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ድንኳኑን ሲገቡ ጎንበስ የሚሉት ረጅም ስለሆኑ እንጂ ስላረጁ አይደለም። ዋናው ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነው፤ ራሱ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ምን እንደሚመገቡ ጠየቃቸው። ገብስ አሉ። ሌላስ? ሌላ ገብስ። ጾም እንዴት ነው? አባቴ የጾሙን ዝርዝር ከእነ ቀኑ ሲነግሩት ሐኪሙ በማስታወሻ ደብተሩ ሁለት ገጽ ጻፈ። ‘በዚህ ዕድሜዎ’ እያለ በጀመረ ቁጥር እኔ እያሳልኩ ቃሉን አቋርጠው ነበር። ሳል ይዞኛል ብለው መድኃኒት ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሁለቱም ዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። አባቴ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የድንኳኑን ካስማ፤ ከዚያ እኔን። ፊታቸው ሁሉ ሲፈታ አየሁ፤ እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን አንባቢ ናቸውና ሦስት ዓመት የተጠማ ዓይናቸው የሚነበብ ነገር ፈለገ። ደረታቸው ላይ ያገኙት ካርዱን ነው። ቀና አድርገው ያዙት። ዘጠኙ የት ቦታ እንዳለ፣ አራቱ የት ቦታ እንዳለ በጣታቸው ነኩ። አስተምሬአቸዋለሁ፤ በትክክል አነበቡት።

“ዘጠና አራት” አሉ። ከዚያ፣ “ማን ቀረ?”

ባልቴቷ ናቸው አልኩ።

አባቴ ተነሥተው በገዛ ዓይናቸው መንገድ እየመረጡ ወደ ሐኪሙ ሄዱ። የእርሳቸው ያልሆነ ተራ እንደወሰዱ ነግረውት፣ ሞራውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። ሐኪሙ አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሎት ሦስት ጊዜ አስደገመ። አይቻልም አላቸው። ሌላ ሰውስ ዛሬ መጨመር? የደብሩ ሃያ ሞልቷል፤ ከሰዓት ድንኳኑ ይነቀላል። አባቴ በትህትና ጎንበስ ብለው አመስግነው ወጡ። ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ፣ ‘በር ቀስ አድርገው ይዝጉ’ን ሳይቀር፣ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡ።

ቤት እንደገባን የደብሩን መዝገብ አወጡ፤ ሁላችንም ከነዕድሜያችን ያለንበትን። የእኔን ስም ፈልገው ሠላሳ አንድ የነበረውን ሰርዘው 51 ብለው ጻፉ። በአዲሱ ቁጥር ነው የጻፉት። ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ባለቤት ይኖረዋል አሉ። የጻፉትን መልሰው አነበቡት፤ ማንበብ ችለው ነበርና። እስከ ዛሬ በደብራችን መዝገብ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ዘንድሮ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አንድ ሰው መዝገቡን አይቶ እንደተመለሰ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

“ሄደሽ ንገሪያቸው” አሉኝ አባቴ። “እንዳለ ንገሪያቸው።”

ባልቴቷን ያገኘኋቸው ደጃፋቸው ላይ ነው፤ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ስንዴ ይለቅማሉ። ድምፄን ለይተው፣ አባትሽ ዓይናቸው በደህና አየላቸው ወይ አሉኝ። አየላቸው አልኩ። ተመስገን አሉ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰባት መቶ አራቱን፣ ወንበሩን፣ ሃያውን፣ ጭረቷን። ጣታቸው ሥራውን አላቆመም፤ ጠጠር ሲያገኙ ብቻ ቆም ይላሉ። እንዲያለቅሱ ጠበቅኩ፣ አላለቀሱም፤ እንዲቆጡኝ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም።

“እኔን ስንት ብለው ነበር የጻፉኝ?” አሉ።

ሰባ አምስት አልኳቸው።

“የእኔም ሰባት ያቺው ሰባት ናት?”

“ያቺው ናት፣ እማማ።”

“ታዲያ እስክሪብቶው በእጅሽ ነበር” አሉ። “እኔንስ ዘጠና አምስት አታደርጊኝም ነበር?”

እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው ልላቸው አስቤ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቀር ብዬ ነው ልላቸውም አስቤ ነበር። ሁለቱም ውሸት ነው። አርባ እርምጃ ስሄድ እሳቸው አንድ ጊዜም ትዝ አላሉኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እሺ አሉ፤ ሰፌዱንም ከጭናቸው አንሥተው ወደ እኔ ገፉት፤ ሰሞኑን ጣቴም እየደነዘዘ ጠጠር ያልፈኛል፣ አንቺ ታያለሽ አሉኝ። እስኪመሽ ለቀምኩላቸው።